ለኪራይ የሚገዛ ቤትና የባዶ ወር ሂሳብ

ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ቤት በወር ስንት ይከራያል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ በወር የሚያወጣው ኪራይና ዓመቱ ሲዘጋ በባለቤቱ እጅ የሚቀረው ገንዘብ እጅግ የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያሰፋው ወይም የሚያጠበው፣ እኔ እንደማየው፣ ከኪራዩ መጠን ይልቅ ተከራዩ በቤቱ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲተመንም ሆነ ተከራይ ሲመረጥ፣ ጥገና ሲታዘዝም ሆነ ኪራይ ሲጨመር፣ አከራይ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ውሳኔው ደኅና ተከራይን የሚያቆይ ነው ወይስ የሚያስወጣ ብሎ ነው። ገዝቶ ወዲያው አትርፎ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ሥራው ሌላ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም።

ሂሳቡን በምሳሌ ማየቱ ይሻላል። የገንዘቡ ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ቤት በ2,400,000 ተገዛ እንበል። ለስም ማዛወሪያ፣ ለውል ማጽደቂያ፣ ለድለላና ቤቱን ለኪራይ ብቁ ለማድረግ ተጨማሪ 200,000 ቢወጣ፣ ባለቤቱ በቤቱ ላይ ያዋለው ገንዘብ 2,600,000 ነው እንጂ 2,400,000 አይደለም። ቤቱ በወር 20,000 ቢከራይ የዓመቱ ኪራይ 240,000 ይሆናል፤ ሻጩም ደላላውም ይህንኑ ከመሸጫው ዋጋ ጋር አነጻጽረው «ቤቱ በዓመት 10 በመቶ ያስገባል» ይላሉ። አሁን ወጪውን እንቁጠር። ቤቱ በዓመት ውስጥ አንድ ወር ባዶ ቢያድር 20,000 ይቀነሳል። ለጥገናና ለዕድሳት መጠባበቂያ ከኪራዩ 10 በመቶ፣ ማለትም 24,000፣ ለኢንሹራንስና ለንብረት ግብር 14,000፣ ለጥበቃ፣ ለጋራ መገልገያ፣ ለአስተዳዳሪና ለተከራይ ማፈላለጊያ ደግሞ 26,000 ቢወጣ፣ የሚቀረው 156,000 ነው። ይህ ከ2,600,000 ጋር ሲነጻጸር 6 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ የገቢ ግብሩም ገና አልተከፈለም። ሻጩ የዋሸው ነገር የለም፤ ያልተጠየቀውን ግን አልተናገረም።

ወርኃዊ ኪራይ ከመግዣው ዋጋ 1 በመቶ መሆን አለበት የሚል፣ በተለይ በአሜሪካ የቤት ገዢዎች ዘንድ የተለመደ መመዘኛ አለ። ብዙ ቤቶችን በአንድ ቀን ለሚመለከት ሰው እንደ ወንፊት ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ወለድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጣሪያው ዕድሜና ስለ አካባቢው የኪራይ ፍላጎት አንዳች አይናገርም፤ በብዙ ትላልቅ ከተሞችም ይህንን የሚያሟላ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እኔ ከዚህ መመዘኛ ይልቅ ከላይ ያለውን አሰልቺ ቅነሳ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን መስመር ለብቻው መጠየቅና ማጣራት ይቻላል።

በብድር ለሚገዛ ሰው ወሳኙ ነገር የቤቱ የተጣራ ገቢ ከብድሩ ወለድ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ነው። በዚያው ምሳሌ ላይ ገዢው 1,560,000 ተበድሮ 1,040,000 ከራሱ ቢያወጣና ወለዱ 4 በመቶ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 62,400 ይሆናል፤ ከ156,000 ሲቀነስ 93,600 ይተርፋል፤ ይህም ገዢው ከኪሱ ላወጣው ገንዘብ 9 በመቶ ነው። ወለዱ 9 በመቶ ቢሆን ግን ወለዱ ብቻ 140,400 ይደርስና የሚተርፈው 15,600፣ ማለትም 1.5 በመቶ ይሆናል፤ ዋናው ብድር ሲመለስ ደግሞ በየወሩ ከደመወዝ እየተጨመረ የሚከፈል ቤት ይሆናል። ቤቱ ያው ነው፣ ተከራዩም ያው ነው፤ የተለወጠው ወለዱ ብቻ ነው። አበዳሪዎች ብዙ ጊዜ የተጣራው ገቢ ከዓመታዊው የብድር ክፍያ ቢያንስ 1.2 ወይም 1.25 እጥፍ እንዲሆን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በ1.25 ብንሄድ 156,000 የሚያስገባ ቤት በዓመት ከ124,800 በላይ የብድር ክፍያ ሊሸከም አይገባውም። ባንኩ ባይጠይቀው እንኳ ገዢው ራሱ ይህንን ልክ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው። ወለዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ስሌቱን ሁለትና ሦስት በመቶ ከፍ አድርጎ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

ቤቱን ለመመልከት ሲኬድ የሰነዱ ጉዳይ ይቀድማል። ባለቤትነቱ በሻጩ ስም መሆኑን፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን፣ ኋላ የተጨመረ ክፍል ካለ በፈቃድ የተሠራ መሆኑን፣ ቤቱ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ከሆነም ማከራየትን የሚገድብ መተዳደሪያ ደንብ አለመኖሩን ከሚመለከተው መዝገብ ማረጋገጥ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የውኃው፣ የመብራቱና የጣሪያው ነገር ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት የታየ ቤት በደረቅ ቀን ከታየ ቤት የበለጠ ይናገራል። የሻወሩንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ በአንድ ጊዜ ከፍቶ የሽንት ቤቱን ውኃ መልቀቅ የግፊቱን ልክ ያሳያል። ቧንቧዎች በሙሉ ተዘግተው የውኃ ቆጣሪው መዞሩን ካላቆመ፣ በሆነ ቦታ፣ ምናልባትም በግድግዳ ወይም በወለል ውስጥ፣ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካለና ሌሎቹ አሮጌ ከሆኑ፣ ያ ግድግዳ ለምን ተለይቶ እንደተቀባ መጠየቅ ይገባል። ለእነዚህ ሁሉ ገዢው ዓይኑ ያልሠለጠነ ከሆነ ለአንድ የቧንቧ ሠራተኛና ለአንድ ኤሌክትሪሽያን የግማሽ ቀን ዋጋ ከፍሎ ይዟቸው ቢሄድ፣ ከግዢው ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

ገዢው ቤቱን በራሱ ምርጫ ሳይሆን በሚከራየው ሰው ዓይን ማየት አለበት። ሰፊ ሳሎንና ያማረ በረንዳ የገዢውን ልብ ሊማርኩ ይችላሉ፤ ተከራይ ግን ከሥራው ያለውን ርቀት፣ የትራንስፖርቱን ነገር፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የውኃውን አለመቆራረጥና የአካባቢውን ጸጥታ ይመዝናል። ትናንሽ ቤቶች ከስፋታቸው አንጻር የተሻለ ኪራይ ያወጣሉ፤ ይሁንና ተከራዮቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ብቸኞች ወይም አዲስ ተጋቢዎች ስለሆኑ ቶሎ ይለዋወጣሉ። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ትምህርት ቤቱን ላለመቀየር ሲል እንኳ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ የሁለቱን ዓይነት ቤት በወርኃዊ ኪራይ ብቻ ማወዳደር አይበቃም፤ በየስንት ጊዜው እንደሚለቀቅና በየመሐሉ ስንት ጊዜ ቀለም እንደሚቀባ መታሰብ አለበት።

አሁን ወደ ባዶው ወር እንመለስ። አንድ ባዶ ወር የዓመቱን ኪራይ 8.3 በመቶ ይወስዳል። ቤቱን በ20,000 ለማከራየት የሚችል ሰው 21,000 ካላገኘሁ ብሎ አንድ ወር ቢጠብቅና እንደተመኘው ቢያገኝ፣ በየወሩ የሚጨመረው 1,000 የጠፋውን 20,000 የሚመልሰው ከ20 ወር በኋላ ነው። ሁለት ወር ቢጠብቅ 40 ወር ያስፈልገዋል፤ ያ ተከራይ ደግሞ 40 ወር ላይቆይ ይችላል። በተቃራኒው በ19,000 ወዲያው የተከራየ ቤት በዓመት የሚያጣው 12,000 ሲሆን ይህ ከአንድ ባዶ ወር ያነሰ ነው። ብዙ አከራዮች ይህን ስሌት ሲሰሙ ይስማማሉ፤ ነገር ግን ጎረቤታቸው በስንት እንዳከራየ ሲሰሙ ይረሱታል። ያ ጎረቤት ቤቱ ስንት ወር ተዘግቶ እንደቆየ ግን የሚነግራቸው የለም። ይህን ስል ቤትን በርካሽ መስጠት ብልህነት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከገበያው በጣም ያነሰ ዋጋ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሳል፣ ኋላ ለማስተካከልም አስቸጋሪ ይሆናል። የአካባቢውን ትክክለኛ ዋጋ ለማወቅ የሚረዳው በማስታወቂያ የሚለጠፈው ዋጋ ሳይሆን በቅርቡ በእርግጥ የተከራዩ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ለሳምንታት የሰነበተ ቤት ዋጋው እንዳልተሳካ የሚናገር ምስክር ነው።

ባዶውን ጊዜ ለማሳጠር ከዋጋ ሌላም መንገድ አለ። ተከራይ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ በሰጠበት ሳምንት ማስታወቂያውን ማውጣት፣ ቀለም ቀቢውንና የቧንቧ ሠራተኛውን ከመልቀቂያው ቀን ጋር አስተካክሎ መቅጠር፣ ሥራውንም በቅደም ተከተል ማስኬድ ያስፈልጋል፤ ቧንቧና መብራት ይቀድማሉ፣ ቀለም ይከተላል፣ ጽዳት ይጨርሳል። ቅደም ተከተሉ የተዛባ እንደሆነ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ይቆፈራል። ሁሉንም ክፍል በአንድ ዓይነት ቀለም መቀባትና የቀለሙን ቁጥር መዝግቦ መያዝ ደግሞ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ፣ ኋላ አንድ ጥግ ብቻ ሲበላሽ ሙሉ ክፍል ከመቀባት ያድናል።

ተከራይ መምረጥን በተመለከተ ከሁሉ አስቀድሞ መስፈርቱን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ማስቀመጥና ለሚመጣው ሁሉ እኩል መጠቀም ይገባል። ይህ በብዙ አገሮች የሕግ ግዴታም ነው፤ ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመልኩ መለየት ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ማን ኪራይ እንደሚከፍል ከእነዚህ አንዱም አያሳይም። የሚያሳየው ገቢው፣ የገቢው ቋሚነትና ቀድሞ በተከራየበት ቤት የነበረው አኗኗር ነው። ኪራይ ከወርኃዊ ገቢ አንድ ሦስተኛ ባይበልጥ መልካም ነው የሚለው የተለመደ ልክ በጥቅሉ ይሠራል። ስለ ተከራዩ ለመጠየቅ ደግሞ አሁን ካለበት ቤት አከራይ ይልቅ ከዚያ በፊት የነበረው ይሻላል። የአሁኑ አከራይ በሰውየው የተማረረ ከሆነ እንዲለቅለት ሲል ሊያመሰግነው ይችላል፤ የቀድሞው ግን የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይናገራል። የሚጠየቀውም «ጥሩ ሰው ነው?» ተብሎ ሳይሆን «ኪራዩን በየስንተኛው ቀን ይከፍል ነበር? ሲለቅ ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ ነበር? ዛሬ ቢመጣ ድጋሚ ያከራዩታል?» ተብሎ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ሲቀርብ የሚሰማው ዝምታ ራሱ መልስ ነው። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ብቻ መስፈርቱን ያላሟላ ሰው ማስገባት ግን፣ ስለ ባዶ ወር ከላይ ያልሁትን አጣሞ መረዳት ይሆናል፤ የማይከፍል ተከራይ ከባዶ ቤት የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ኪራዩም አይገባም፣ ቤቱም ለሌላ አይሰጥም፣ የፍርድ ቤት ወጪም ይጨመራል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ውል ከዘመድም ጋር ቢሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። የኪራዩ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ የሚከፈልበት መንገድ፣ የውሉ ዘመን፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የውኃና የመብራት ሂሳብ የማን እንደሆነ፣ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ይቻል እንደሆነ፣ የትኛው ጥገና በአከራይ የትኛው በተከራይ እንደሚሸፈን፣ አከራዩ ለጥገና ወይም ለቁጥጥር ሲመጣ ከስንት ሰዓት በፊት ማሳወቅ እንዳለበት ሁሉ በግልጽ ይጻፋል። የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ አከራዮች እንደ ውለታ ያዩታል፤ ነገር ግን ቤቱን ያከራየ ሰው በውሉ ዘመን ውስጥ የመኖሪያውን ነጻነት ለተከራዩ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ቁልፍ ስላለው ብቻ ዘው ብሎ መግባት አይችልም። ከኢንተርኔት የተቀዳ የሌላ አገር ውል ቅጂ ብዙ ጊዜ በአገሩ ሕግ ዋጋ የሌላቸውን አንቀጾች ስለሚይዝ፣ አንድ ጊዜ ለጠበቃ ከፍሎ የራስን የውል ቅጽ ማሠራት ይመረጣል።

ርክክቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ጠብ የሚወለደው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ቤቱ ገና ባዶ ሳለ አከራይና ተከራይ አብረው ከበሩ ጀምረው ክፍል በክፍል ይዞራሉ። እያንዳንዱ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እያንዳንዱ መብራት ይበራል፤ እያንዳንዱ ሶኬት የስልክ ቻርጀር ተሰክቶበት ይሞከራል። መስኮቱ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ሴራሚኩ ላይ ያለው ጭረት፣ የቁም ሣጥኑ የላላ ማጠፊያ ይመዘገባል። የውኃና የመብራት ቆጣሪዎቹ ንባብ በቁጥር ይጻፋል፣ ፎቶም ይነሳል፤ የቁልፎቹ ብዛትም እንዲሁ። ፎቶው ከሩቅ የክፍሉን ሁኔታ፣ ከቅርብ ደግሞ ጉዳቱን ማሳየት አለበት፤ ቀኑ የሚታይበት መሆኑም ይጠቅማል። በመጨረሻ ሁለቱም በየገጹ ፈርመው አንዳንድ ቅጂ ይወስዳሉ። ይህ ሥራ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ተከራዩ ሲለቅ ግን ያው ወረቀት በእጅ ተይዞ ያው ዙር ይደገማል፣ «ስገባም እንደዚህ ነበር» እና «አልነበረም» የሚባል ክርክርም ቦታ አያገኝም። በርክክቡ ጊዜ ተከራዩ ራሱ እንከን እየፈለገ እንዲያስመዘግብ ማበረታታት ያስፈልጋል። አንዳንድ አከራይ ይህ ቤቱን ማሳጣት ይመስለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን በመጀመሪያው ቀን ተዘርዝሮ የተፈረመ እንከን አከራዩንም ይጠብቃል።

የመያዣውን ገንዘብ፣ ብዙ ሰው ዲፖዚት የሚለውን፣ እንደ ገቢ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። ገንዘቡ እስከ መጨረሻው የተከራዩ ነው፤ አከራዩ የሚይዘው በአደራ ነው። ሕጎችም ይህንን እያጠበቁ መጥተዋል። በጀርመን መያዣው ከሦስት ወር የተጣራ ኪራይ፣ ማለትም የውኃና የማሞቂያ የመሳሰሉ ክፍያዎች ካልተጨመሩበት ኪራይ፣ ሊበልጥ አይችልም፣ ተከራዩም በሦስት ወርኃዊ ክፍያዎች ከፋፍሎ መስጠት ይችላል። በእንግሊዝ ከ2019 ወዲህ ዓመታዊ ኪራያቸው ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆኑ ቤቶች ጣሪያው የአምስት ሳምንት ኪራይ ሲሆን፣ አከራዩ ገንዘቡን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ በተፈቀደ የመያዣ ጥበቃ ሥርዓት ሥር ማስገባት አለበት። ቤቱ ያለበት አገር ሕግ ምንም ይበል ምን፣ ገንዘቡን በተለየ የባንክ ሂሳብ ማስቀመጥ ይበጃል።

ከመያዣው ላይ የሚቆረጠው ተከራዩ ያደረሰው ጉዳት እንጂ በመደበኛ አጠቃቀም የመጣ ማርጀት አይደለም። ለምሳሌ አንድ ቀለም አራት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ቢገመትና ተከራዩ ሦስት ዓመት ኖሮ ግድግዳውን በቅባት አበላሽቶ ቢለቅ፣ አከራዩ በፍትሕ ሊጠይቅ የሚችለው የቀለሙን ዋጋ ሩብ ነው፤ ሦስቱ አራተኛ በጊዜ ብዛት አልቋልና። ይህን ስሌት በደረሰኝ አስደግፎ ለተከራዩ ማሳየት ክርክሩን በአብዛኛው ይዘጋል።

ወደ ጥገና ስንመጣ የቤት ዋነኛ ጠላት ውኃ ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በዓመት ከ11,000 ሊትር በላይ ውኃ ያባክናል፤ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ በጣት የምትያዝ አንዲት ጎሚኒ መቀየር ነው። ነገር ግን የሚታየው ጠብታ ቀላሉ ነው፤ አስቸጋሪው የማይታየው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ተከራዬ ደውሎ «ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ሲመችዎት ይመልከቷት» አለኝ። ትንሿ ነገር ከሻወሩ ጀርባ ባለው መኝታ ክፍል፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብላ የታየች የመዳፍ ስፋት ያላት ቢጫ እርጥበት ነበረች። ቀለሙ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ከሥሩ ያለው ልስን ለስልሷል። ባለሙያው ሲመረምረው የቧንቧው መስመር ደኅና ነው፤ ውኃው የሚገባው በሻወሩ ወለልና በግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ያለው ሲሊኮን ተላቆ በተፈጠረው የክር ያህል ክፍተት ነው። በየቀኑ ሻወር በተወሰደ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየገባ ግድግዳውን አርሶታል። አሮጌውን ሲሊኮን ፍቆ፣ ቦታውን በደንብ አድርቆ፣ በአዲስ መድፈን የአንድ ቀን ሥራ ሆነ። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ብሎ ዝም ቢል ኖሮ ግን፣ ሥራው ሴራሚክ ማንሳትና የውኃ መከላከያ ንጣፍ ከነልስኑ እንደገና መሥራት ይሆን ነበር።

ከዚህ የምወስደው፣ ተከራይ ሳይፈራና ሳይሸማቀቅ የሚደውልለት አከራይ መሆን ራሱ የጥገና ስልት መሆኑን ነው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው የሚቻለው ነገሩን አስቀድሞ የሚያየው ሰው ሲናገር ነው፤ በቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚኖረውም ተከራዩ ነው። አንድ ብልሽት ባሳወቀ ቁጥር የሚቆጣ ወይም «አንተ ሰብረኸው ይሆናል» የሚል አከራይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰማው ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ለተነገረ ብልሽት በዚያው ቀን መልስ መስጠት፣ ጥገናው ወዲያው ባይደርስ እንኳ መቼ እንደሚደርስ መንገር ያስፈልጋል። ውኃ የገባበት ቦታ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ የራሰ ነገር በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ መብቀል ይጀምራል። ሻጋታን በቀለም መሸፈን ገንዘብ ማባከን ነው፣ የእርጥበቱ ምንጭ እስካልተዘጋ ድረስ ተመልሶ ይወጣል።

ተከራይ ባይጠይቅም አከራይ ራሱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ አስቀድሞ አሳውቆ መዞር ያለበት ቦታ አለ። ጣሪያና አሸንዳ ይታያሉ፤ በቅጠልና በአፈር የተዘጋ አሸንዳ ውኃውን ወደ ግድግዳ ስለሚመልሰው መጠረግ አለበት። የመታጠቢያ ክፍል መጋጠሚያዎች፣ የእቃ ማጠቢያው ሲፎን፣ የውኃ ማሞቂያው ሥር ይፈተሻሉ።

በደኅንነት ጉዳይ ላይ ቁጠባ የለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሰውን ከንዝረት የሚጠብቅ፣ ከመስመሩ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ የሚቆርጥ ብሬከር ሊኖረው ይገባል፤ ብሬከሩም የመሞከሪያ ቁልፉ እየተጫነ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከተመረተ ከ10 ዓመት በኋላ ባትሪው ቢሠራም ይቀየራል። በጋዝ ወይም በሌላ ነዳጅ የሚሠራ ማሞቂያ ባለበት ቤት ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እንዲህ ያለ ማሞቂያ አየር በማይገባበት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተገጥሞ ከተገኘ፣ ቤቱ ከመከራየቱ በፊት መነሳት አለበት።

ኢንሹራንሱ ለኪራይ ቤት የተዘጋጀ መሆኑን ከፖሊሲው ላይ ማረጋገጥ ይበቃል፤ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የተገባ ውል ለተከራየ ቤት ላይከፍል ይችላል፣ ለረጅም ጊዜ ባዶ ለቆየ ቤትም ሽፋኑ ሊቋረጥ ይችላል። የተከራዩ ዕቃ በአከራዩ ኢንሹራንስ እንደማይሸፈንም ተከራዩ ሲገባ ሊነገረው ይገባል።

ሂሳብ አያያዝን በተመለከተ የኪራይ ገንዘብ የሚገባበትና ወጪው የሚወጣበት የባንክ ሂሳብ ከግል ሂሳብ መለየት አለበት። ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ በዚያው ቀን ፎቶ ተነስቶ በየዓመቱና በየቤቱ ተለይቶ ይቀመጣል። ጥገናንና ማሻሻልን ለይቶ መመዝገብም ግብር ላይ ለውጥ ያመጣል፤ በብዙ አገሮች የተበላሸን መጠገን በዚያው ዓመት ወጪ ሲያዝ፣ አዲስ ክፍል መጨመር ወይም ሙሉ ጣሪያ መቀየር ግን ለዓመታት ተከፋፍሎ ይቀነሳል። ሕንፃው ራሱ የእርጅና ተቀናሽ አለው፤ በአሜሪካ ለምሳሌ የመኖሪያ ኪራይ ቤት በ27.5 ዓመት ተከፍሎ ይቀነሳል፣ መሬቱ ግን አያረጅምና አይቀነስም። ከላይ በምሳሌው የያዝነው 10 በመቶ የጥገና መጠባበቂያም በየወሩ ኪራይ በገባ ቀን ወደ ሌላ ሂሳብ ካልተዛወረ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ኪራይ ሲዘገይ ዝምታ አይጠቅምም፣ ቁጣም አይጠቅምም። ቀኑ ባለፈ በማግስቱ አጭርና ጨዋ መልእክት መላክ፣ በሳምንቱ ደግሞ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ እያንዳንዱንም መዝግቦ መያዝ ይገባል። ዓመት ሙሉ በወቅቱ የከፈለ ሰው አንድ ወር ቢቸገር፣ ዕዳውን በሁለትና በሦስት ወር ከፋፍሎ እንዲከፍል በጽሑፍ መስማማት ከባዶ ወርና ከአዲስ ተከራይ ፍለጋ ይረክሳል። ችግሩ በየወሩ የሚደጋገም ከሆነ ግን ሕጉ የሚፈቅደውን ማስጠንቀቂያ ሳያዘገዩ መስጠት ያስፈልጋል። ውኃ መዝጋት፣ መብራት መቁረጥ፣ ቁልፍ መቀየር በአብዛኞቹ አገሮች ሕገ ወጥ ከመሆናቸውም በላይ፣ ተበዳዩን አከራይ በፍርድ ቤት ፊት በዳይ ያደርጉታል።

ኪራይ መጨመርን በተመለከተ፣ ለብዙ ዓመት ሳይነኩ ቆይቶ በአንድ ጊዜ 30 በመቶ መጨመር ተከራይን ያስደነግጣል፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ግን ሊታቀድ ይችላል። ጭማሪው እንዴት እንደሚሰላ፣ ለምሳሌ ከሸማቾች ዋጋ ለውጥ ጋር ተያይዞ፣ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ቢጻፍ በየዓመቱ መደራደር አያስፈልግም። በ20,000 ኪራይ ላይ 5 በመቶ መጨመር በዓመት 12,000 ያስገኛል፤ ተከራዩ በዚህ ምክንያት ቢለቅና ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢያድር፣ ቀለምና ድለላ ሳይታሰብ 20,000 ይጠፋል። ስለዚህ ቤቱን በንጽሕና ለያዘና በወቅቱ ለሚከፍል ተከራይ ከገበያው ትንሽ ዝቅ ያለ ኪራይ ማስከፈል ልግስና ሳይሆን ስሌት ነው። ጭማሪው ሲወሰን ውሉ ከሚታደስበት ቀን ቢያንስ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ አብሮም ተከራዩ ሲጠይቀው የቆየውን አንድ ጥገና ወይም ማሻሻል መፈጸም ተገቢ ነው።

ቤቱ በእጅ ሲቆይ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ስሌቱን ከአሁኑ ዋጋ ጋር እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። በ2,600,000 የተያዘው ቤት ዛሬ 4,500,000 ቢያወጣና የተጣራ ገቢው 180,000 ቢደርስ፣ ባለቤቱ የጥንቱን ዋጋ እያሰበ 7 በመቶ ያህል አገኛለሁ ይላል፤ አሁን በቤቱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን የሚያስገኘው 4 በመቶ ነው። ይህ ብቻውን ይሸጥ ማለት አይደለም፤ የመሸጫ ወጪው፣ በትርፉ ላይ የሚከፈለው ግብርና የዋጋው የመጨመር ተስፋ አብረው ይታያሉ። መሸጥ ከተወሰነ ደግሞ በወቅቱ የሚከፍል ተከራይ ያለበት ቤት ለኪራይ ለሚገዛ ሰው ባዶ ከሆነው ይመረጣል፤ ገዢው ከመጀመሪያው ቀን ኪራይ ይቀበላልና። በዚህ ጊዜ የኪራይ ውሉ፣ የርክክቡ ሰነድ ከነፎቶዎቹና የመያዣው ገንዘብ ለገዢው ይተላለፋሉ፤ ገዢው መያዣውን መረከቡን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ ተከራዩም ከየትኛው ወር ጀምሮ ኪራዩን ለማን እንደሚከፍልና መያዣውን ከማን እንደሚጠይቅ ሻጩና ገዢው የፈረሙበት ደብዳቤ ይደርሰዋል።